ጅቡቲ ከግብፅ፦ ሜዳ አልባው ባለሜዳ በካዛብላንካ ምን ይጠብቀዋል?

ረቡዕ መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ምሽት የጅቡቲ ብሔራዊ ቡድን በ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ግብፅን “በሜዳው” ያስተናግዳል። ሜዳው ግን ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አይደለም። ጨዋታው የሚካሄደው በሞሮኮ የወደብ ከተማ ካዛብላንካ፣ በላርቢ ዛውሊ ስታዲየም ነው።

የተጋጣሚዎቹ ልዩነት ሰፊ ነው። በአንድ ወገን ሰባት ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1934 ከአፍሪካ ቀድማ በዓለም ዋንጫ የተሳተፈችው ግብፅ አለች። በሌላው ወገን ፊፋን በ1994 የተቀላቀለችው፣ ከ211 የፊፋ አባላት መካከል በደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ አካባቢ የምትገኘው ጅቡቲ አለች። የግብፅ ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን ይበልጣል፤ የጅቡቲ ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው።

በዚህ ጨዋታ ጅቡቲ ታሸንፋለች ብሎ የሚጠብቅ ጥቂት ነው። ይሁንና ግጥሚያው ከውጤቱ የሰፋ ጥያቄ ያነሳል። አንድ ደካማ ቡድን ከጠንካራው ጋር ያለውን ልዩነት ለማጥበብ ምን ያስፈልገዋል? ከሚያስፈልጉት ነገሮች የመጀመሪያው፣ ማለትም የራሱ ሜዳ፣ ከሌለውስ ምን ይቀረዋል?

የምድቡ ሁኔታ

ሁለቱ አገሮች የሚገኙት ቡርኪና ፋሶን፣ ሴራሊዮንን፣ ጊኒ ቢሳውንና ኢትዮጵያን ባካተተው ምድብ ‘ሀ’ ነው። የዓለም ዋንጫው ተሳታፊዎች ቁጥር ወደ 48 ከፍ በማለቱ አፍሪካ ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታዎችን አግኝታለች። ማጣሪያው ዘጠኝ ምድቦች ያሉት ሲሆን የየምድቡ መሪ በቀጥታ ያልፋል። ከሁለተኛዎቹ መካከል የተሻሉት አራቱ ደግሞ ተጨማሪ የማጣሪያ ዕድል ያገኛሉ።

ግብፅ ካደረገቻቸው ስምንት ጨዋታዎች ስድስቱን አሸንፋ በሁለቱ አቻ በመውጣት 20 ነጥብ ሰብስባለች። አሥራ ስድስት ግቦችን አስቆጥራ የተቆጠሩባት ሁለት ብቻ ናቸው። ተከታይዋ ቡርኪና ፋሶ 15 ነጥብ አላት። ሁለት ጨዋታዎች ስለቀሩ ቡርኪና ፋሶ ሁለቱንም ብታሸንፍ የምትደርሰው 21 ነጥብ ላይ ነው። ስለዚህ ግብፅ ረቡዕ ካሸነፈች የሌሎችን ውጤት ሳትጠብቅ ለዓለም ዋንጫ ታልፋለች። ነጥብ ከጣለች ግን ጉዳዩ ወደ መጨረሻው ጨዋታ ሊተላለፍ ይችላል።

ለግብፅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አገሪቱ በዓለም ዋንጫ የተሳተፈችው በ1934፣ በ1990 እና በ2018 ብቻ ነው። የአሁኑ አሠልጣኝ ሆሳም ሐሰን በ1990ው ዋንጫ የተጫወቱ የቀድሞ አጥቂ ናቸው። አምበሉ መሐመድ ሳላህም በዓለም ዋንጫ መድረክ የታየው አንድ ጊዜ፣ በ2018 ነው።

የጅቡቲ መዝገብ ሌላ ነው። ከስምንት ጨዋታዎች ያገኘችው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። አራት ግቦችን አስቆጥራ 28 ተቆጥረውባታል። ባለፈው ወር በቡርኪና ፋሶ 6 ለ 0፣ በጊኒ ቢሳው ደግሞ 2 ለ 0 ተሸንፋለች። የማለፍ ዕድሏ ያበቃው አስቀድሞ ነው።

ሁለቱ ቡድኖች በዚህ ማጣሪያ መጀመሪያ የተገናኙት በኅዳር 2023 ካይሮ ላይ ነበር። ግብፅ 6 ለ 0 ስታሸንፍ ሳላህ ብቻውን አራት ግቦችን አስቆጥሯል።

ባለሜዳው ከእንግዳው የበለጠ ይጓዛል

የካርታ ጉዳይ የረቡዑን ጨዋታ እንግዳ ባሕርይ በግልጽ ያሳያል። ከጅቡቲ እስከ ካዛብላንካ በአየር ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከካይሮ እስከ ካዛብላንካ ያለው ርቀት ከዚህ በእጅጉ ያንሳል። በሌላ አነጋገር፣ እንግዳው ቡድን ወደ “ባለሜዳው” ሜዳ የሚጓዘው ከባለሜዳው ባነሰ ርቀት ነው።

ጅቡቲ ከተማ ስታዲየም ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም። በአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዝዳንት በሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ስም የተሰየመው ስታዲየም በ1993 የተከፈተ ሲሆን 20 ሺህ ያህል ተመልካች ይይዛል። ችግሩ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ለዓለም አቀፍ ውድድሮች የሚጠይቀውን መመዘኛ አለማሟላቱ ነው።

የካፍ መመዘኛ የሚመለከተው ሣሩን ብቻ አይደለም። የምሽት ጨዋታ ለቴሌቪዥን ሥርጭት የሚበቃ መብራት ይፈልጋል። ለተጫዋቾችና ለዳኞች የተሟላ መልበሻ ክፍል፣ የሕክምናና የአበረታች መድኃኒት መመርመሪያ ክፍል፣ ለጋዜጠኞች የሥራ ቦታ፣ ለተመልካች የተስተካከለ መቀመጫና ደኅንነቱ የተጠበቀ መግቢያና መውጫ ያስፈልጋል። ካፍ ከ2021 ወዲህ ቁጥጥሩን በማጥበቁ በርካታ የአፍሪካ አገሮች በሜዳቸው እንዳይጫወቱ ታግደዋል።

የዚህ እርምጃ ዓላማ የተመልካቹንና የተጫዋቹን ደኅንነት መጠበቅ በመሆኑ ተገቢነቱን የሚጠራጠር ብዙ አይደለም። ሸክሙ ግን እኩል አይከፋፈልም። ባለጸጋ ማኅበር አንዱ ስታዲየም ቢታገድ ሌላ አለው። አንድ ትልቅ ስታዲየም ብቻ ያላት ትንሽ አገር ግን ያ ሲዘጋ ከነጭራሹ ሜዳ አልባ ትሆናለች።

ወጪውም እንዲሁ ነው። ሜዳ አልባ ቡድን ከመግቢያ ትኬት የሚያገኘውን ገቢ ያጣል፤ በዚያ ላይ የሰው አገር ስታዲየም መከራየት፣ ለቡድኑ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ መሸፈን ይጠበቅበታል። ለታዳጊዎች ሥልጠና ሊውል የሚችለው ገንዘብ ለጉዞ ይውላል።

ሜዳ ምን ይፈይዳል?

በእግር ኳስ የራስ ሜዳ ጥቅም የታወቀ ነው። ተጫዋቹ በአልጋው ተኝቶ ያድራል፤ ሜዳውን ያውቃል፤ ደጋፊው ከጎኑ ነው። ጅቡቲ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል፦ ሙቀቱና ከባሕሩ የሚነሳው ወበቅ። ከቀዝቃዛ አገር ለሚመጣ ቡድን የጅቡቲ አየር በራሱ አንድ ተጋጣሚ ነው።

የአገሪቱ የእግር ኳስ ታሪክ ለዚህ ማስረጃ ይሰጣል። በ2000 ለ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጅቡቲ ከዴሞክራቲክ ኮንጎ ጋር ደርሶ መልስ ተጫውታ ነበር። ጅቡቲ ላይ 1 ለ 1 ወጡ። በመልሱ ጨዋታ ኪንሻሳ ላይ ኮንጎ 9 ለ 1 አሸነፈች። ቡድኖቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ቦታው ነው።

ጅቡቲ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ታሪኳ ያስመዘገበቻቸው ሁለት ድሎችም በሜዳዋ የተገኙ ናቸው። የመጀመሪያው በኅዳር 2007 ሶማሊያን 1 ለ 0 የረታችበት ነው። ሁለተኛው በ2019 ኤስዋቲኒን 2 ለ 1 ያሸነፈችበት ነው፤ በመልሱ ጨዋታ ያለ ግብ አቻ በመውጣት ወደ ምድብ ማጣሪያው አልፋለች። ይኸው የኤስዋቲኒ ቡድን ከአራት ዓመት በፊት እዚያው ጅቡቲ ላይ 6 ለ 0 አሸንፎ የተመለሰ ነበር።

በዚያው 2019 ለአፍሪካ ዋንጫ ቅድመ ማጣሪያ ከጋምቢያ ጋር ያደረገቻቸው ሁለቱም ጨዋታዎች 1 ለ 1 ተጠናቀው ጅቡቲ የተሸነፈችው በመለያ ምት ነው። በመለያ ምት ያመለጠችው ጋምቢያ ወደ አፍሪካ ዋንጫው አልፋ በመጀመሪያ ተሳትፎዋ ሩብ ፍጻሜ ደርሳለች።

ሜዳ ግን ተአምር አይሠራም። ግብፅ በ2008 ጅቡቲ ድረስ መጥታ 4 ለ 0 አሸንፋ ተመልሳለች። የራስ ሜዳ ልዩነትን ያጠብባል እንጂ አያጠፋም። ጅቡቲ ከ2019 ወዲህ ያጣችው ድልን ብቻ ሳይሆን ይህንን የማጥበቢያ ዕድል ነው። በ2021 ወደ ምድብ ማጣሪያው ስትገባ “የሜዳዋን” ጨዋታዎች ያደረገችው በሰው አገር ነበር። በዚያው ማጣሪያ አልጄሪያ 8 ለ 0 አሸንፋታለች።

የኢትዮጵያና የጅቡቲ ግጥሚያ በአትላንቲክ ዳርቻ

የሜዳ ማጣት ነገር ለኢትዮጵያውያን ተመልካቾች እንግዳ አይደለም። ዋልያዎቹም በ2021 የባሕር ዳር ስታዲየም ከታገደ በኋላ አብዛኛውን የሜዳ ጨዋታቸውን ያደረጉት በሌሎች አገሮች ነው።

በዚህ ማጣሪያ ጅቡቲና ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተገናኝተዋል። አዲስ አበባንና ጅቡቲን 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የባቡር ሐዲድ ያገናኛቸዋል። ሁለቱም ጨዋታዎች የተካሄዱት ግን ሞሮኮ ውስጥ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ በምትገኘው ኤል ጃዲዳ ከተማ ነው። በሰኔ 2024 1 ለ 1 ተለያዩ። ጅቡቲ እስካሁን ያላት ብቸኛ ነጥብ ከዚያ ጨዋታ የተገኘው ነው። በመጋቢት 2025 ደግሞ ኢትዮጵያ 6 ለ 1 አሸነፈች።

ይህን ከ2019 ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ በሚሳተፉበት የአፍሪካ አገራት ሻምፒዮና፣ ቻን፣ ማጣሪያ ኢትዮጵያ ጅቡቲ ላይ 1 ለ 0፣ ድሬዳዋ ላይ 4 ለ 3 አሸንፋ አልፋለች። ድሬዳዋ ለጅቡቲ ቅርብ ናት፤ ከባቡር መስመሩም ላይ ትገኛለች። እንዲህ ያለው የጎረቤት ፉክክር ዛሬ ደጋፊው ሊደርስበት ወደማይችል ቦታ ርቋል።

የሶማሊያ ብሔራዊ ቡድንም የሜዳውን ጨዋታ የሚያደርገው በውጭ አገር ነው። ኤርትራ ደግሞ ማጣሪያው ሊጀመር ሲል ራሷን አግልላለች። በዚህ ቀጣና አንድ ወጣት የአገሩን ቡድን በአካል ተገኝቶ የመደገፍ ዕድሉ ጠባብ ሆኗል።

ደካማው እንዴት ያሸንፋል?

እግር ኳስ ከብዙ ስፖርቶች ይልቅ ለደካማው ዕድል ይሰጣል። ምክንያቱ የግብ ማነስ ነው። በቅርጫት ኳስ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ በርካታ ነጥቦችን ስለሚያስቆጥር የተሻለው ቡድን ብልጫውን የሚያሳይበት ብዙ አጋጣሚ አለው። በእግር ኳስ ግን አንድ የማዕዘን ምት፣ አንድ የተከላካይ ስሕተት ወይም አንድ የፍጹም ቅጣት ምት የ90 ደቂቃውን ውጤት ሊወስን ይችላል። “ኳስ ድቡልቡል ናት” የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ሜዳ አልባ ቡድን ያሸነፈበት ታሪክም አለ። በ1990 የፋሮ ደሴቶች ቡድን የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታ ሲያደርግ በአገሩ የተፈጥሮ ሣር ሜዳ ስላልነበረው የተጫወተው በስዊድኗ ላንድስክሮና ነበር። ተጋጣሚው በዚያው ዓመት ከዓለም ዋንጫ የተመለሰው የኦስትሪያ ቡድን ነው። ፋሮ 1 ለ 0 አሸነፈ።

ቅርብ የሆነው ምሳሌ የኢትዮጵያ ነው። በሰኔ 2022 ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ዋልያዎቹ በማላዊዋ ሊሎንግዌ ከተማ “በሜዳቸው” ግብፅን 2 ለ 0 ረትተዋል። ሳላህ በዚያ ጨዋታ አልተሰለፈም። ግቦቹን ያስቆጠሩት ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ናቸው።

ጅቡቲያውያንም ግብፃውያንን ያስደነገጡበት ጊዜ አለ። በ2023 በካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ማጣሪያ የጅቡቲው አርታ ሶላር 7 ክለብ የካይሮውን ዛማሌክ በመጀመሪያው ጨዋታ 2 ለ 0 አሸንፎ ነበር። ዛማሌክ በመልሱ 4 ለ 1 አሸንፎ በአንድ ግብ ልዩነት ተረፈ፤ በመጨረሻም የዚያን ዓመት ዋንጫ አነሳ። አርታ ሶላር ቀደም ሲል ለአርሴናልና ለባርሴሎና የተጫወተውን አሌክስ ሶንግን እንዲሁም የቀድሞውን የቼልሲ ተጫዋች ሳሎሞን ካሉን በማስፈረም ስሙን ያስጠራ ክለብ ነው።

በጥቅምት 2024 ደግሞ ለቻን ማጣሪያ የጅቡቲ ቡድን ኪጋሊ ላይ ሩዋንዳን 1 ለ 0 አሸንፏል። ጨዋታው በመዝገብ የጅቡቲ የሜዳ ጨዋታ ቢሆንም የተካሄደው በተጋጣሚው ስታዲየም ነው። ከቀናት በኋላ ሩዋንዳ በመልሱ 3 ለ 0 አሸንፋ አልፋለች።

እነዚህ ምሳሌዎች የሚጋሩት ነገር አለ። ደካማው ቡድን ጠንካራውን በአንድ ጨዋታ ሊረታ ይችላል። በደርሶ መልስ ወይም በአሥር ጨዋታ ማጣሪያ ግን የተጫዋች ብዛት፣ የሊግ ጥራትና የዝግጅት ጊዜ ልዩነቱ ይገለጣል። አብዛኞቹ የጅቡቲ ተጫዋቾች የሚጫወቱት በአገር ውስጥ ሊግ ነው። የግብፅ ቡድን ግን ከአፍሪካ ጠንካራ ሊጎች አንዱና የአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች የሚያፈሯቸው ተጫዋቾች አሉት።

ረቡዕ ምን ይታያል?

ጅቡቲ ሰፊ ሜዳ ትታ ከግብፅ ጋር እኩል ኳስ ለመቆጣጠር ከሞከረች ውጤቱ እንደ ካይሮው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ ቡድኖች የሚመርጡት አራት ወይም አምስት ተከላካዮችን ከግባቸው አቅራቢያ አሰልፈው፣ ከፊታቸው ሌላ የአማካዮች መስመር በማቆም በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት ማጥበብ ነው። ዓላማው ግብፅ ኳሱን በጎንና በጎን እንድታንሸራሽር፣ ወደ መሐል እንዳትገባ ማስገደድ ነው። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” የሚለው ብሂል ለዚህ ዓይነቱ መከላከል ይስማማል፤ አንዱ ክር ከላላ ግን ድሩ ይበጠሳል።

ከሁሉም በላይ ወሳኙ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። ለማለፍ አንድ ድል የቀረው ቡድን ቀድሞ ማግባት ይፈልጋል። ግቧ ከዘገየች ትዕግሥቱ ይሟጠጣል፤ ተከላካዮቹ ወደፊት ይገፋሉ፤ የመልሶ ማጥቃት ክፍተትም ይፈጠራል። ቀድሞ ከተቆጠረ ግን ጅቡቲ የመከላከል ዕቅዷን ለመተው ትገደዳለች፤ ትላልቆቹ ሽንፈቶች የሚመጡትም ያን ጊዜ ነው። የጅቡቲ የተሻለ የግብ ተስፋ የቅጣትና የማዕዘን ምቶች ናቸው፤ ሆኖም በስምንት ጨዋታ ሁለት ግብ ብቻ በተቆጠረበት ቡድን ላይ ይህም ቀላል አይሆንም።

የሕዝብ ማነስ ብቻውን የጅቡቲን ውጤት አያብራራም። በዚሁ ማጣሪያ ከጅቡቲ ሕዝብ በግማሽ ገደማ የምታንሰው ኬፕ ቨርድ ካሜሩንን አስከትላ ምድቧን እየመራች ነው። በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ የሚቀራት አንድ ድል ነው። ለዚህ ያበቃት አንዱ ነገር በአውሮፓ የተወለዱና ያደጉ ልጆቿን ማሰባሰቧ ነው። ሌላው በዋና ከተማዋ ፕራያ፣ በራሷ ሕዝብ ፊት መጫወቷ ነው። ባለፈው ወር ካሜሩንን 1 ለ 0 የረታችውም እዚያው ነው።

ጅቡቲም ስፖርተኛ የማፍራት አቅም የሌላት አገር አይደለችም። በ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ ሁሴን አህመድ ሳላህ በማራቶን የነሐስ ሜዳሊያ አስገኝቶላታል። ለሯጭ ግን መንገድ ይበቃዋል። እግር ኳስ ሜዳ፣ መብራት፣ ተመልካችና ተከታታይ ውድድር ይፈልጋል።

ግብፅ ረቡዕ ካሸነፈች ካይሮ ትደሰታለች፤ የጅቡቲ ስምም በዜናው ውስጥ በሁለተኛ መስመር ይጠቀሳል። ጅቡቲ ከዚያ በኋላ ከሴራሊዮን ጋር አንድ ጨዋታ ይቀራታል፤ ማጣሪያውም በዚያ ያበቃል። ለቀጣዩ ማጣሪያ የሚበጀውን ዝግጅት ግን ከተከላካይ መስመር ይልቅ የሐሰን ጉሌድ ስታዲየም በሮች የሚከፈቱበት ቀን ይወስነዋል። ያ ቀን እስኪመጣ ድረስ የጅቡቲ ደጋፊ “የሜዳውን” ጨዋታ የሚያየው በቴሌቪዥን መስኮት ነው።